ሽማግሌ የማይቀደምበት መንገድ

የልጅ ልጄ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ የምትኖረው ዳሪሙ ገጠር ውስጥ፣ ከመቱ በሞተር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ኮረብታ ላይ ነበር። አገራችን ሴት ልጅ ጠፍቶ አይደለም። መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ በቀን ሃያ ቆንጆ ከአውቶቡስ ይወርድለት ነበር። እሱ ግን አንዲት ነርስ ክትባት ይዛ ወደ ገጠር ስትወጣ በሞተሩ አድርሷት ሲመለስ ውሃ ጠማውና አንድ ደጃፍ ላይ ለመነ። ውሃውን የሰጠችው ልጅ እሷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፎ ያልጠማው ቀን የለም።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌዎቹ በገበያ ቀን በጭነት መኪና ሄደው ዘመድ ቤት እያደሩ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ መመለስ ወግ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። የሁለተኛው መልስ ግን ወግ አልመሰለኝም። አባትየው «ልጄን ለሰው ነው የምድራት እንጂ ለሞተር አይደለም» አለ። ከቤቱ በታች ካለው ኩርባ ላይ ሁለት ሞተረኞች ሲወድቁ በዓይኑ አይቷል። ሦስተኛውን ቀጠሮ ለእሁድ አደረገው፤ እስከ አምስት ሰዓት እጠብቃለሁ ብሎ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ከጎረቤት ወረዳችን ከቡሬ የሚመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች ነበሩት። የእነሱ ልጅ ሱቅም መኪናም አለው።

እሁድ የጭነት መኪና የለም። በሞተር ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ነገሩ ታዲያ እንዲህ ሆነ። ብንዘገይ ልጅቷ ወደ ቡሬ ትሄዳለች፤ ብንበር ደግሞ አባትየው ስለ ሞተረኛ ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለት ነው።

እኔ መቱ ውስጥ፣ ሞተረኞች ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ማዕዘን ላይ ሻይና ቂጣ እሸጣለሁ። ድሮ ሞተር የነበራቸው የግብርናና የጤና ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። አሁን ከሱሪው አስቀድሞ ሞተር የሚገዛ ወጣት ሞልቷል። ተራ እንዲያስከብርላቸው የመረጡት ሰው አለ፤ ደብተርም ይይዛል። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን በጓደኛው ተራ ገባ የሚል ክርክር ሲነሳ ግን ደብተሩን ትተው ወደ እኔ ይመጣሉ። «አኮ፣ ፍረጂን» ይሉኛል። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔም እፈርዳለሁ። ከሁሉም ይልቅ ከተራ ያስወጣሁት የልጅ ልጄን ነው። ለዘመዷ አደላች እንዳይሉኝ በእሱ ላይ እጥፍ እፈርዳለሁ። ይህም ፍትሕ እንዳልሆነ አንድ ቀን ነገረኝ። ቂጣ አጉርሼ ዝም አሰኘሁት።

ስለዚህ የጉዞው እቅድ እጄ ላይ ሲወድቅ ማንም አልገረመውም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አምስት ሞተረኞች ከሻይ ቤቴ ደጃፍ ተሰበሰቡ። የልጅ ልጄ ራሱ መሄድ አይችልም፤ ጠያቂው በራሱ ጥያቄ ላይ አይገኝም። መንገዱን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ያለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ኩርባዎቹን ሳለልን። አርባ ሦስት ሆኑ።

«እዚህ ጋ ክላክስ ንፉ፣ ከብት ይተኛበታል። እዚህ ማርሽ ቀንሱ፣ ኮረኮንቹ ይንሸራተታል። እዚህ ደግሞ…» ብሎ ቆመ።

«እዚህ ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም የለም። ከዚህ ጀምሮ ቤቷ ይታያል።»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። «አኮ፣ ይሄ ልጅ እስካሁን በምን ዓይኑ ነበር የሚነዳው?» አለ አንዱ።

ትልቁ ጥያቄ አቧራው ነበር። በበጋ በዚያ መንገድ ላይ ፊት የሚሄድ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል፤ ኋላ የሚሄድ ሰው ከሸክላ የተሠራ ይመስላል። ታዲያ ማን ይቅደም? እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ እስከ ማካፈል ግን ደርሻለሁ። መንገዱን አምስት ቦታ ከፈልኩት። በየክፍሉ ፊት የነበረው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ሰው እኩል ንጹሕ፣ እኩል ቆሻሻ ሆኖ ይደርሳል። ማን ማንን እንደሚያሳፍርም በዕጣ አደረግሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ባለ ሱቁ፣ እንደ ሁለት ሰው የሚመዝን ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። ዕጣው ከሞተሮቹ ሁሉ ለምትደክመው ደረሰ።

«አኮ፣ ይህቺ ሞተር እኮ ፍየል ጭና እንኳ አቀበት አትወጣም!» አለ የሞተሯ ባለቤት።

«ዕጣ ነው።»

«ዕጣው አቀበቱን አያውቀውማ!»

«ዕጣ አይሻርም» ብዬ ዘጋሁት። አንዴ ላንዱ ከተሻረ ነገ ለሁሉም ይሻራል።

እሁድ በማለዳ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ቄሱ፣ ባለ ሱቁ፣ እና ድሮ የቡና መጋዘን ኃላፊ የነበረው ጡረተኛ። ይህ ጡረተኛ የሁሉም ታላቅ ነኝ ይላል፤ ጢሙም ይመሰክርለታል። አራተኛው ሞተር ላይ እኔ ልወጣ ስል ከዘራውን ዘረጋብኝ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ወደምትሄዱበት።»

«ሴት ሽማግሌ ታይቶ ይታወቃል?»

«እናቱ ስትሞት ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ስለ ልጁ ቢጠይቃችሁ ምን ልትመልሱ ነው? ጫማው ስንት ቁጥር እንደሆነ እንኳ አታውቁም።»

ቄሱ ቀስ ብለው «ትሂድ፣ እቅዱም ከእሷ ዘንድ ነው» አሉ። አምስተኛው ሞተር ትርፍ ጎማና መፍቻ ያዘ። የአቧራውን ደንብ ሳነብላቸው ግን ጡረተኛው አልተቀበለኝም።

«ሽማግሌ አይቀደምም። እኔ ፊት እሆናለሁ፤ እስከ መጨረሻው።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡ ከእኔ በኋላ ላሉት ይሁን።»

ተከራከርኩ። ሰዓቱ እየሄደ ነበር፣ ቄሱም «ተይ» ብለው ዓይናቸውን ጣሉብኝ። ተውኩት። እንዲያውም በንዴት ከሁሉም ኋላ ሆንኩ፤ አቧራ መብላት ካለ አንዷ ትብላው ብዬ።

ያላሰብነው ነገር ቢኖር፣ ጡረተኛው ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲመዝን ኖሮ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ገና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የሞተረኛውን ጀርባ በከዘራው ይነካ ጀመር። «ሱታ! ሱታ!» ቀስ በል ማለቱ ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይም ሱታ። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ጨርሶ ይወርድና በእግሩ ይሄዳል፤ ሞተረኛው ከጎኑ ሞተሩን እየገፋ። ከኋላው ያሉት አራት ሞተሮች እያጉረመረሙ ይከተሉታል። አንድም ሰው አላለፈውም። በአገራችን ሽማግሌ በእግሩ እየሄደ በሞተር ጥሎት የሚያልፍ ሰው የለም፤ ቢኖርም ለሽምግልና አይላክም። ቅል የተሸከሙ ሴቶች አለፉን። አንዲት አህያ አለፈችን። ባለ ሱቁ በበኩሉ አቀበት በመጣ ቁጥር ይወርዳል፤ ያቺ ደካማ ሞተር እውነትም አልወጣ አለች። ስለዚህ ቁልቁለቱን ጡረተኛው ይሄዳል፣ አቀበቱን ባለ ሱቁ ይሄዳል፣ ሜዳ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ የለም።

«እትዬ፣ የዕጣሽ ነገር!» ይለኛል ባለ ሱቁ ላቡን እየጠረገ። «አላህ ይይልሽ።»

«ለሁሉም እኩል ነበር» እለዋለሁ።

«ክብደታችን እኩል ነበር እንዴ?»

ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ።

ከግማሽ መንገድ ላይ ካለው ጅረት ስንደርስ ሞተሮቹ ስለጋሉ ቆምን። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት አልፏል። በዚህ አካሄድ የምንደርሰው የቡሬዎቹ ሽማግሌዎች በልተው ጠጥተው ሲመረቁ ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም ግን ጫማውን ያያል። ታላቁን «ፍጠን» የሚል አፍ ከማን ይመጣል?

«ሽማግሌ አይቀደምም ነው ያሉት?» አልኩት ጡረተኛውን።

«አይቀደምም።»

«ይህ የማይነካ ደንብ ነው?»

«የአባቶቻችን ነው።»

«እንግዲያው ከፊቴ ዞር በል።»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ አንቱ ነበር የምለው። ሞተረኞቹ ቀረብ ቀረብ አሉ።

«እናትህ ከእኛ ጎረቤት ነበረች። እሷ ውሃ ስትቀዳ አንተን አዝዬ ወንዝ የማሻግርህ እኔ ነበርኩ። ሁለቴ ጀርባዬን አርሰሃል። በዕድሜ አምስት ዓመት እበልጥሃለሁ። ደንቡ የአባቶቻችን ከሆነ ፊት የምሆነው እኔ ነኝ።»

ቄሱ «እውነት ነው?» ብለው ዞሩበት።

ጢሙን ዳሰሰ። «ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አላስታውስም» አለ።

«የታዘለ ምን ያስታውሳል!» አለ ባለ ሱቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የዕጣውን ነገር ረስቶ ሳቀ።

ዕጣዬንም ያን ጊዜ ሻርኩት። ባለ ሱቁ ትርፍ ጎማ በያዘው ጠንካራ ሞተር ላይ ወጣ፤ ጎማው ወደ ደካማዋ ሄደ። ጡረተኛውን ሁለተኛ አደረግሁትና ሞተረኛውን «ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባህን ይቀፍ፤ ከዘራውን ግን ተቀበለው» አልኩት። ከዚያ የራሴን ሞተረኛ ትከሻ መታሁ። «ንዳ።»

ስንት ኩርባ እንዳለፍን አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄ የሳለው ወረቀት በእጄ ነበር፣ ነፋሱ ግን እንዳነበው አልፈቀደልኝም። ክላክስ በሚነፋበት ቦታ ነፋን፣ በማይነፋበትም ነፋን። ከብቱም ዶሮውም ሸሸ። ነጠላዬ ከኋላዬ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለሃያ ደቂቃ ያህል ልጅ ልንጠይቅ እንደምንሄድ ረስቼ ነበር።

አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግቢው ደረስን። ሽማግሌ ጥያቄው እስኪሰማለት አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚናገረው። ቆምን። አባትየው ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነው። ከግቢው ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከት ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ወደ ታች ያየሁት። ከዚያ ቦታ መንገዱ ከነአቧራው እስከ ሩቅ ይታያል። እያንዳንዱ ኩርባ፣ ጅረቱም ጭምር።

«ከማለዳ ጀምሮ እያየኋችሁ ነው» አለ። «እስከ ጅረቱ የመጡት ሰዎች እርጋታቸው ደስ አለኝ። ማንም ማንን አልቀደመም። እንዲህ ያለ ሞተረኛ ካለ ልጄን እሰጣለሁ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ከጅረቱ ወዲህ የመጡት ግን እብዶች ናቸው። አሁን ልጄን የምትጠይቁኝ ለየትኛው ነው?»

ቄሱ አፋቸውን ከፈቱ። ለረጋው ነው ሊሉ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ጥሩ መልስ ነበር። ጡረተኛውም ጢሙን እየዳሰሰ ክብሩን ሊቀበል ተዘጋጅቷል። እኔ አላስቻለኝም።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «እስከ ጅረቱ የረጋነው በፍርሃት ነው። እኚህ ሰውዬ ሞተር ይፈራሉ፣ እኛ ደግሞ እሳቸውን መቅደም እንፈራለን። ከጅረቱ ወዲህ ያበረርነው እኔ ንዱ ብዬ ነው። ልጁ በሁለቱም የለበትም፤ እሱ መቱ ተቀምጧል። ይፈረድበት ከተባለ በራሱ ይፈረድበት።»

ቄሱ ወደ ሰማይ አዩ። ባለ ሱቁ «አለቀልን» ብሎ አጉረመረመ።

አባትየው ከራስ ጸጉሬ እስከ ጫማዬ ድረስ አየኝ። ነጠላዬ ቀይ አፈር ነበር።

«እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ከእሳቸው አምስት እበልጣለሁ» አልኩ ወደ ጡረተኛው እያመለከትኩ።

ሳቀ። ሳይፈልግ ነው የሳቀው፣ ግን ሳቀ። «ልጁን ያሳደጉት እርስዎ ከሆኑ፣ ይሮጥ ይሆናል እንጂ አይዋሽም» አለ። «በሉ ታኣ። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ ማለት እሺ ማለት ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን ልቀመጥ ብል ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ጭኖቼ ያን ሁሉ ኩርባ ሞተሩን ጨብጠው መጥተው ደርቀዋል። እንደ ምሰሶ ቆምኩ። የቆመ ሽማግሌ ደግሞ ጥያቄው አላለቀም ማለት ነው። የአባትየው ፊት ተለወጠ።

«ምን ቀረ እማማ?»

ጉልበቴ ነው ማለት አፈርኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ልጅቷ አልተጠየቀችም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባትየው ወደ ጓዳ ተጣራ። ልጅቷ ወጣች፤ ቀጭን፣ ቀና ብላ የምታይ። አባቷ ጠየቃት።

«ውሃ ሲለምን ሁለት ዓመት ሆነው» አለች። «የሚጠማ ሰው እንዲህ አይደለም። እሺ።»

ባለ ሱቁ ተነስቶ በአንድ ብብቴ ያዘኝ፣ ቄሱ በሌላው፣ እንደ ሕፃን አስቀመጡኝ። አባትየው እስከ ዛሬ ድረስ በየሰርጉ ይናገራል፤ የልጄ ፈቃድ ካልተሰማ አልቀመጥም ብለው የቆሙ ሴት ናቸው እያለ። ሰው ያጨበጭባል። ሌላው ሁሉ ሲዛባ ዝም የማልለው እኔ ይህችን አንዷን ሳላርማት ዓመታት አለፉ። ይኸው አሁን ጽፌዋለሁ፤ በሰርግ ላይ ግን አሁንም አላርመውም።