ዘጠና ሚሊ ሊትር ደመና

«ደመናው ሲዞር ዋለ፣ በደጄ በሰፈሬ፣
ጠብ በል ብዬ ለምኜው፣ ጠብ ሳይል እስከ ዛሬ…»

ከዚህ በኋላ ዘፈኑ ይጠፋበታል። ዜማው አለ፣ ግጥሙ የለም። ቆጣሪው እነዚህን ሁለት ስንኞች ሲያንጎራጉር ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። እዚህ ሲደርስ «እም፣ እም፣ እም» ብሎ በአፍንጫው ይጨርሰዋል።

ቆጣሪው የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ለውሃ መሥሪያ ቤት፣ ከበር በር እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ስለኖረ ሰዉ የእናት የአባቱን ስም ትቶ የዕቃውን ስም ሰጠው። ጡረታ በወጣ በመንፈቁ በከተማው የብስክሌት ውድድር በዛ፤ ከውድድሩ ጋር አበረታች መድኃኒት የወሰደውን ካልወሰደው የሚለይ ምርመራ ተከትሎ መጣ። ምርመራው ሽንት ይፈልጋል። ሽንቱ የዚያው የጋላቢው፣ ከራሱ ከጋላቢው የወጣ መሆኑን ቆሞ አይቶ የሚመሰክር ሰው ደግሞ ይፈልጋል። የምርመራው ኃላፊ ዶክተሯ ምን ልምድ እንዳለው ስትጠይቀው፣ የሚፈስ ነገር ሲለካ ጸጉሩ እንዳለቀ ነገራት። በዚያው ቀን ተቀጠረ።

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። አሸናፊው መስመሩን ከረገጠባት ደቂቃ ጀምሮ፣ ዘጠና ሚሊ ሊትር በብልቃጥ እስኪሰጥ ድረስ ዐይንን ከሱ አለመንቀል። ቆጣሪው ግን ነገር ከያዘ ያዘ ነው። ጋዜጣ ላይ በወጣው የአሸናፊዎች ፎቶ ሁሉ፣ ከአበባው ጀርባ፣ ከትከሻው በላይ፣ አንድ ራሰ በራ ትክ ብሎ ሲያይ ይታያል። ልማዱ ቤትም ተከተለው። ወተት ሲቀዳ በርከክ ብሎ ብርጭቆውን በዐይኑ ልክ ያነባል። አንድ ቀን የሚስቱ ወንድም ሊጠይቃቸው መጥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሳ፣ ሳያውቀው ተከትሎት ገብቶ «እጅጌህን እስከ ክርንህ ሰብስብ» ብሎታል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ ሳይጨርስ አይመጣም።

ሚስቱ የተማሪ የደንብ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። ይህን ሁሉ በሳቅ ታልፈዋለች። የማታልፈው ባዶ ወንበሩን ነው። ውድድር የሚውለው እሑድ ነው። አሸናፊ ደግሞ ውሃውን ሁሉ በላብ መንገድ ላይ አፍስሶ፣ እንደ በጋ ጅረት ደርቆ ነው የሚገባው። ስድስት እሑድ በተከታታይ ምሳው ተከድኖ፣ ቀዝቅዞ አምሽቷል። ሰባተኛው እሑድ ደግሞ የተጋቡበት ሠላሳኛ ዓመት ሆኖ አረፈው።

«ሰባት ሰዓት ላይ ወንበርህ ላይ ከሌለህ፣» አለችው ጠዋት፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ከድመቷ ጋር እበላለሁ። የማቀርብላትም ባንተ ሰሃን ነው።»

ማለላት። ውድድሩ የሚያልቀው አምስት ሰዓት ነው። የምርመራው ክፍል ከቤታቸው አጥር ጀርባ ያለው የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ነው። በሁለት ሰዓት የማይሞላ ብልቃጥ የት አለ?

የዕለቱን አሸናፊ ቁልቁለት ላይ ሲወርድ አይተው ፏፏቴው ይሉታል። ቆጣሪው ስሙን ሲሰማ ልቡ ጮቤ ረገጠች።

ፏፏቴው ጠብ አላለም። ሦስት ጠርሙስ ውሃ ጠጣ፣ ዘለለ፣ ቁጢጥ አለ፣ ግንባሩን ግድግዳ ላይ ደግፎ ቆመ። ቧንቧ ተከፈተለት። አሰልጣኙ ከበሩ ውጭ ሆኖ አፏጨለት። ስድስት ተኩል ላይ ልጁ እልልታ ብቻ በቀረው ፊት ብልቃጡን ይዞ ዞረና ሃምሳ መሙላቱን አበሰረ። ቆጣሪው በርከክ ብሎ አነበበው።

«ሠላሳ ሁለት፣» አለ። «ለቆጣሪ አታጋንንበት ልጄ።»

ሠላሳ ሁለቱ ታሸገ፤ ቀሪው ይጠበቅ ተባለ። ያን ጊዜ አሰልጣኙ በበሩ ስንጥቅ አንገቱን አስግጎ፣ ጋሼ ለአንድ አፍታ ወደ መስኮቱ ዞር ቢሉ የጎደለውን እሱ ራሱ ሊሞላው እንደሚችል፣ እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ ይዞት ሊፈነዳ እንደደረሰ አጫወተው። ቆጣሪው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ወንበሩ ትዝ አለው፤ ድመቷም ትዝ አለችው።

«በሠላሳ ስድስት ዓመት፣» አለ በመጨረሻ፣ «የአንዱን ቤት ውሃ በሌላው ቤት ቆጣሪ አስቆጥሬ አላውቅም።»

አሰልጣኙ እያነከሰ ወደ ሌላ መጸዳጃ ቤት ሮጠ።

ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በመስኮቱ የዶሮና የድንች ሽታ ገባ። ሽታው እንደ ድሮ ፍቅር ነው፤ በር አያንኳኳም። የፏፏቴው ሆድ ጮኸ።

«አባባ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ሠላሳ ዓመቴ ነው፣» አለ ቆጣሪው። ድምፁ ሰለለ።

ዶክተሯ ልጁን ሳይሆን ሽማግሌውን አየችና ደንቡን አገላበጠች። ተመርማሪ ምሳ መብላት ይችላል፤ ሽንቱን የሚሰጠው ግን እዚሁ ተመልሶ ነው። «ብቻ ዐይንዎ ከሱ ከተነሳ ጋሼ፣» አለች፣ «የሱም ድል የለም፣ የእርስዎም ሥራ የለም።»

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ሚስቱ በሩን ስትከፍት፣ ቁጥር ጀርባው ላይ የተለጠፈ፣ ቁምጣው ገላው ላይ የተጣበቀ ጎረምሳ ቆሟል። ከኋላው ባሏ አለ። ድመቷ ከነክብሯ ወንበሩ ላይ ተሰይማለች። ሴትዮዋ ግራ ቢገባትም እንግዳ እንግዳ ነውና፣ ድመቷን አንስታ ልጁን አስቀመጠችው። ቤቱ ያለው ሁለት ወንበር ነው፤ ቆጣሪው ቆመ።

«መጣህ እንጂ አልተቀመጥክም፣» አለችው።

ሰውየው ጠዋት ሲወጣ በልቡ ያዘጋጀው ቃል ነበረው። ከአሁን ወዲያ ቢያቆየው እንደሚቀዘቅዝበት ታወቀው። ዐይኑን ግን ማንሳት አይችልም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣» አለ ፏፏቴውን ትክ ብሎ እያየ፣ «አንድ ቀን እንኳ ሰልችተሽኝ አታውቂም። ዛሬም ስትስቂ ጉንጭሽ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ታፈዘኛለች።»

የልጁ ድንች ጉሮሮው ላይ ቀረ። እጁን ወደ ጉንጩ ሰደደ። ሚስትየው መጀመሪያ አፏን በሜትሩ ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቆጣሪው አፍሮ መግቢያ ሲያጣ ማንጎራጎር ጀመረ። ደመናው ዞረ፣ ጠብ ሳይል እስከ ዛሬ ቆየ፣ «እም፣ እም» ሊል ሲል ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች ተቀበለችው፦

«የመጣ እንደሆነስ፣ ሳልጠራው ይመጣል፤
እስኪዘንብ ድረስ፣ ከኔ ጋር ይቀመጣል።»

«ታውቂው ነበር?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ከጠዋት ጀምሮ ና፣ ውጣ፣ ቶሎ በል ሲባል የዋለው ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ምንም አላለውም። ትከሻው ወረደ። ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አባባ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «መጣ።»

ሮጡ። የብስክሌት ጫማው አስፋልቱን ቋ ቋ ሲያደርግ፣ ቆጣሪው በጡረተኛ ጉልበቱ አንድ ክንድ ሳይርቅ፣ ዐይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል ተከተለ። ክሊኒኩ ውስጥ ደመናው ተቀደደ። በርከክ ብሎ አነበበ፤ ከበፊቱ ጋር መቶ አርባ አንድ። ታሸገ፣ ተፈረመ። ፏፏቴው ሽማግሌውን ጉንጩን ሳመውና፣ እማማን አመስግኑልኝ ብሎ ሄደ።

ሲመለስ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። የድመቷን ጀርባ ወንበሩ ላይ ሊያይ ልቡን አዘጋጅቶ ደረሰ። ድመቷ ግን ደጃፍ ላይ ሆና በተዘጋው በር ትማረራለች። በሩን ገፍቶ ሲገባ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰሃኑ ሞልቶ ተከድኗል፤ የሚስቱም ሰሃን አልተነካም።

«አሁን እኔን እያየህ ድገመው፣» አለችው።

በርከክ አለ፣ ዐይኑን ከዐይኗ ልክ አደረገ፣ ቃል ሳያጎድል ደገመው። ጎድጓዳዋ ጉንጯ ላይ ወጣች። እንደ ልማዱ ትንሽ አነበባት። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና፣ የቀዘቀዘውን ድንች ለሁለት ከፍሎ ጎረሰ።