የልብስ አጣቢዋ ፊልም መጨረሻ

ባለፈው ወር ዘይነባ ዙሪክ ድረስ ጠራችኝ። ዜባህ በሚባል ሰፈር ያለው ቤቷ እኔ ካለሁበት ከጄኔቭ በባቡርና በትራም ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ልጇ አንድ የድሮ የግብጽ የጦርነት ፊልም ከጀርመንኛ ጽሑፍ ጋር አግኝታ ኖሮ፣ «ያኔ አብረን ያየነው ነው፣ ነይ» አለችኝ። ፊልሙ ናፍቆኝ ሳይሆን፣ ባሏ ሰይፉ ሲያየው ልየው ብዬ ሄድኩ።

ያን ፊልም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወጣት ሳለሁ ጄኔቭ ዳር፣ ግራንድ ሳኮኔ፣ አንድ ግብጻዊ ቤተሰብ ዘንድ እሠራ ነበር፤ በሦስት ዓመት ዐረብኛው ገብቶኝ ነበር። ካሴቱን ከእመቤቲቱ ተውሼ፣ አንድ ዝናባማ የጥቅምት ቅዳሜ ሰርቬት ሰፈር ወዳለችው ጠባብ ክፍሌ ያገሬን ልጆች ጠራሁ። ሳምቡሳ ጠበስኩ። ድካሙ ሁሉ ለሰይፉ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጬ ልተረጉምለት።

እሱ ግን ወደ ዘይነባ ዞሮ፣ «የሼኹ ልጅ፣ በይ ተርጉሚልን» አላት። ዘይነባ ወሎ በልጅነቷ ቁርአን ቀርታለች፤ ፊደሉን ታነባለች እንጂ ንግግሩን አታውቅም። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። አፍራ ትተወዋለች ስል ጀመረችው።

ፊልሙ የእንግሊዝ ወታደሮችን ልብስ እያጠበች፣ የካምፑን ምስጢር በታጠበው ልብስ ሸሽጋ ለአርበኞች ስለምታደርስ ሴት ነው። ዘይነባ የተዋንያኑን ፊት እያየች የራሷን ታሪክ ታወራለች። ማውራት ደግሞ ታውቅበታለች። ሰይፉ ሳምቡሳውን እንደያዘ አፍ አፏን ያያል። መጨረሻ ላይ የሴትዮዋ ጓደኛ ወደ ወታደሮቹ ስትሮጥ፣ «ልታድናት ነው» አለች።

አልቻልኩም። «ልታሳብቅባት ነው፤ ቀንታባት» አልኩ።

ሰይፉ ዞር ብሎ ሳያየኝ፣ «አንቺ ደግሞ ክፉው ብቻ ነው የሚታይሽ» አለ። በዓመቱ እሱና ዘይነባ ተጋቡ።

ባለፈው ወር ዜባህ፣ የዘይነባ ልጅ የጀርመንኛውን ጽሑፍ በተሰባበረ አማርኛዋ ታነብልን ነበር። እዚያ ቦታ ሲደርስ፣ «ጓደኛ ነገረች፣ ለወታደር። መጥፎ ጓደኛ» አለች። የሰይፉን ፊት አየሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቅኳት ደቂቃ ናት።

«ይሄ ያኛው ፊልም አይደለም» አለ። «ያኛው ላይ አዳነቻት።»

ዘይነባ ሳቀች። «ያኔ እኮ ፈጥሬ ነው ያወራኋችሁ። አልማዝ እውነቱን ተናግራ ነበር» አለች ወደ እኔ እያመለከተች።

«አልማዝ?» አለ። «አልማዝም ነበረች እንዴ?»

በገዛ ክፍሌ ውስጥ። በዚያች አንድ ቃል የተነሳ ጠልቶኛል ብዬ ኖሬያለሁ። በየሰርጉና በየልቅሶው ሰላምታው ሲያጥርብኝ፣ ዛሬም አልረሳልኝም እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ መጠላቱንም እንደ መታሰብ ቆጥሬው ኖሯል።

ትናንት ዘይነባ ደውላ ሌላ ፊልም ተገኝቷል፣ ነይ አለችኝ። ጉልበቴን ያመኛል አልኳት።