ለቤቴ ጎማ ፍለጋ

ሚስቴ ስልክ ላይ ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ከሱሉልታ ደውላ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ክረምቱ ሳይገባ ቤቱን ይዘህ ና። ቤቱ ካልመጣ አንተም እንዳትመጣ።» ከዚያ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ቤት ይዞ መምጣት ለሌላ ሰው ቀልድ ነው። የእኛ ቤት ግን ጎማ ነበረው። መንገድ ሠሪዎች መሐንዲሶቻቸውን የሚያሳድሩበት፣ መኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ካራቫን ነው። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ምድጃው፣ ሁሉም በአንድ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ። ከተጂ ከተማ ወዲህ የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ በነበረ ጊዜ እኔ ዘበኛ ነበርኩ፣ እሷ ወጥ ሠሪ። ሥራው ሲያልቅ ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ። ሌላው በርሜልና ጄኔሬተር ሲሻማ እኛ ካራቫኑን ወሰድን። ተሳቀብን። ሰበታ ዳር ያሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳቸው ጥግ ሰጡን፤ ኦቦ እላቸዋለሁ። እዚያ አቁመን ኖርንበት። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ። አስተማሪዬ ሚስቴ ነበረች። ስሳሳት እጄን በጭልፋ ትመታኝ ነበር።

ኋላ ሱሉልታ አንድ የወተት ላም እርባታ ለሠራተኞቹ ምግብ እንድታበስል ቀጠራት። የተከራየችው ክፍል ያፈሳል። እርባታው ደግሞ ከአጥሩ ጀርባ ቤታችንን የምናቆምበት ቦታ ፈቀደላት። የቀረው የእኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

ያን ጊዜ የሚረሳ የለም። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ወሬ ከመጣ ጀምሮ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ወባ እንደያዘው ሰው አንዴ ይሞቃሉ፣ አንዴ ይቀዘቅዛሉ። ካርታ ላይ እርሳስ የሚያሰምር ሰው እርሳሱ ያረፈበት ቦታ ማን እንደሚተኛ አይጠይቅም። ስለዚህ ወጣቱ ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። እኔ የፖለቲካ ሰው አይደለሁም። የሞቱትን ልጆች የሚያቃልል ሰው ግን ፊቴ ባይቆም ይሻለዋል።

ጎማዎቹን አየኋቸው። ሁለት ናቸው፤ ካራቫኑ በግራ አንድ በቀኝ አንድ ነው ያለው። ዓመታት ቆመው ከታች ጠፍጥፈዋል፤ ጎናቸው እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ጥርሳቸው ግን ሙሉ ነው፣ ሄደው አያውቁማ። ጥርሱ ያላለቀ ሬሳ ማለት ይህ ነው።

ጎሚስታ ፍለጋ ሰበታን ዞርኩ። ጎሚስታ መንገድ ዳር በቆመ አሮጌ ጎማ ነው የሚታወቀው፤ ሌላ ምልክት የለውም። በዚያ ሰሞን ግን አንድም ጎማ ደጅ አይታይም። ውጭ ያደረ ጎማ ወይ ወጣቱ ለእሳት ይወስደዋል፣ ወይ ወታደሩ «ለማን ያስቀመጥከው ነው?» ብሎ ባለቤቱን ይዞት ይሄዳል። ሁሉም ጎማውን ወደ ጓዳ አግብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል። የሚሸጥ አለ ወይ ብል አይናገሩም፤ እንደ ኮንትሮባንድ ነገር ሆነ።

ከካምፑ ጊዜ የማውቀው አንድ ጎሚስታ ቡራዩ ላይ ሱቅ ነበረው። ደወልኩለት። «ጎማው ላይ የተጻፈውን ገልብጠህ ና፣» አለኝ። ተንበርክኬ፣ ምላሴን ነክሼ፣ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። የፈረንጅ ፊደል ስለማላውቅ እንደ ሥዕል ነው የሣልኩት። በአየር ጤና፣ በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ደረስኩና ወረቀቱን በኩራት ሰጠሁት። አየኝ፤ ወረቀቱን አየ፤ ሳቁን ለቀቀው።

«ምን ያስቅሃል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የፋብሪካው ስም ነው! የጫማ ቁጥርህን ስጠይቅህ የሰፊውን ስም ትነግረኛለህ?»

«ትልቁ ጽሑፍ እሱ ነዋ!»

«ትልቅ የተጻፈ ሁሉ ቁም ነገር መሰለህ? ቁም ነገሩ ከሥሩ ያለችው ትንሿ ቁጥር ናት። ሂድ፣ ቸርኬውን ራሱን አምጣ፤ ጎማውን እዚያው አስወልቀው። ባዶ ብረት የሚያቃጥል ሰው አላየሁም።»

ሰደብኩት፤ እሱም ሰደበኝ። ሰው ከነጉድለቱ ሲያውቅህ ስድቡም አያቆስልም። ተመለስኩ። ካራቫኑን በክሪክ አንስቼ ድንጋይ አስደገፍኩት፣ ሁለቱንም ቸርኬ ፈታሁ፣ ሬሳዎቹን ጎማዎች አስወልቄ ቸርኬዎቹን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ወጣት ሳለሁ ኩሊ ነበርኩ፤ ጀርባዬ አልረሳውም።

አስኮን እንዳለፍን ወታደሮች ሚኒባሱን አስቆሙት። አንዱ ከረጢቴን በእግሩ ነካ አደረገው።

«አባት፣ ምንድነው?»

«ቸርኬ።»

«ጎማውስ?»

«ልገዛለት ነው።»

ፊቱ ተቀየረ። «በዚህ ሰሞን ጎማ? ለምን?»

«ቤቴን ወደ ሚስቴ ልወስድ።»

«እየቀለዱብኝ ነው?»

«ልጄ፣ በዚህ ፊቴ የምቀልድ እመስላለሁ?»

ፊቴን አየው። ፊቴ የሚያስቅ አይደለም፤ ያን ቀን ጠቀመኝ። ካራቫኑን ነገርኩት፤ ሚስቴ ያለችኝንም ነገርኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወታደሩ ግን «እውነቷን ነው፣» አለና ከረጢቱን መለሰልኝ።

ጎሚስታው ከሱቁ ጀርባ ላስቲክ ገልጦ ሦስት ጥንድ ጎማ አሳየኝ።

የመጀመሪያው አዲስ ነው፤ ወረቀቱ እንኳ አልተላጠም። እጄን ልሰድበት ስል «በአውራ ጣትህ ጎኑን ተጫነው፣» አለኝ። ተጫንኩት፤ እንደ ድፎ ዳቦ ገባ። «የቤት መኪና ጎማ ነው። ለብሶ ሠርግ ለሚሄድ ይሆናል፤ ቤት አይሸከምም።»

ሁለተኛውን ገና ሳየው ወደድኩት። ጥርሱ ጣት ያስገባል፣ ጥቁረቱ ያብረቀርቃል። «ይሄን!» አልኩ።

«ጥርሱን አይተህ? ፈረስ ነው የምትገዛው?» ጎማውን አዙሮ ከጎኑ አራት ቁጥር አሳየኝ። «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አንብብ።» ቁጥር አውቃለሁ፤ አነበብኩ። «አየህ? አንተ ፊደል ሳትቆጥር የተሠራ ነው። ቀለም ቀብተው ነው ያስዋቡት። ደግሞ ይረዝማል፤ ካራቫንህን ከሥር ይፍቀዋል።»

ሦስተኛው ከሚኒባስ የወረደ ነው። ጥርሱ እስከ ግማሹ አልቋል፤ አቧራ ለብሷል። ደስ አላለኝም፤ ነገርኩትም። «ይሄን ያህል መንገድ መጥቼ የሌላ ሰው ትራፊ ልትሰጠኝ ነው?»

«ቤትህ ሊሮጥ ነው እንዴ? ቆሞ ሊሸከም ነው። ቆሞ ለሚሸከም ጎማ ጥርሱን ሳይሆን ጎኑን ነው የምታየው። ተጫነው።»

ተጫንኩት። አልገባም። ዓመቱን አነበብኩ፤ ከሦስቱም በቅርብ ጊዜ የተሠራው እሱ ነው፣ ከአዲሱም ይልቅ። ያ አዲስ የተባለው ሳይሸጥ መጋዘን ሲያረጅ ኖሯል። የመጣሁበትንም መንገድ አሰብኩ። ጎማ ሲቃጠል ጎማነቱ ይጠፋል እንጂ በውስጡ ያለው ሽቦ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፣ እንደ እሾህ ተጠቅልሎ። በዚያ ላይ ነው ቤቴን የምጎትተው። ያንን ለስላሳ ጎን ሽቦ ሲነካው ታየኝ።

«የሚኒባሱን አድርግልኝ፣» አልኩ።

«ተመስገን፣ ሰው ሆንክ።»

በስንት እንደገዛሁት አልጽፍም፤ ሚስቴ ታነበዋለች። ቸርኬው ላይ ገጥሞ ነፋልኝ። «ብቻውን ያለ ጎማ ማገዶ ነው፤ ቸርኬ የገባበት ግን እግር ነው፣ ማንም አይጠረጥርህም፣» አለኝ። ስሰናበተው እጄን ይዞ «ስማ፣ የድሮዎቹን የገደላቸው መንገድ አይደለም፣ መቆም ነው። በየወሩ ትንሽ አንቀሳቅሰው፣» አለኝ። ስመለስ ያው ወታደር እዚያው ነበር። «ገዙለት?» አለኝ። «ገዛሁለት፣» አልኩት። ሚኒባሱን እጁን አወዛውዞ አሳለፈው።

የእርባታው ፒክ አፕ ለላሞቹ ፋጉሎ ሊጭን ሰበታ ይመጣል። ሾፌሩ በመመለሻው ሊጎትትልኝ ተስማማ። በዚያ ጠዋት ኦቦ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ። የእሳቸው ማሳ ጥግ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል፤ ማን እንደተከለው አንጠይቅም፣ እናውቀዋለን።

«ያንተ ቤት እግር አለው፣» አሉኝ፤ «እሰይ። የኔም መሬት እግር ቢኖረው ዛሬውኑ ነድቼው እከተልህ ነበር።»

«ኦቦ፣ እርስዎ ባይሰጡኝ የት እቆም ነበር?» አልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በትራቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ነጋን ገሊ፣» አሉኝ፤ በሰላም ግባ ማለታቸው ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሸኝቶኛል፣ አብዛኛው ገፍቶ። እሳቸው ግን መርቀው ሸኙኝ።

አዲስ አበባን ቀስ ብለን አለፍን። ዳገቱንም ወጣን። ሱሉልታ ሊታየን ሲል መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ወጣቶች ቆመዋል። ሾፌሩ አቆመ። ወርጄ ቀረብኩ። አንዱ ጎማዬን በጫማው መታ መታ አደረገ።

«ጥሩ ይነዳል፣» አለ ለጓደኛው፤ መንደዱን ነው እንጂ መነዳቱን አላለም።

«ኩን መነ ኮቲ፣» አልኩት፤ ይሄ ቤቴ ነው ማለቴ ነው። «ጎማውን ብትወስድ እዚሁ መንገድ ላይ ነው የምኖረው፤ በየቀኑ ስሰድብህ ትውላለህ።»

«ቤት ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ሚስቴ።»

ሳቁ። አንዱ በኦሮምኛ «ሽማግሌው ቤቱን ይዞ ነው ከመሬት ነጣቂ የሸሸው፤ እኛም እንዲህ ማድረግ ነበረብን፣» አለና ሁሉም ሳቁን ተወት አደረጉ። ድንጋዩን ራሳቸው አነሱ። ያ ጎማዬን የመታው ልጅ ደግሞ ትናንት ከተቃጠለው የቀረውን ሽቦ በእንጨት እየገፋ ከፊቴ ጠረገልኝ። ጎማዎቹ አለፉ። አንዱም አልተነፈሰም።

ሚስቴ ከእርባታው ደጅ ቆማ ነበር። እኔን ሰላም ከማለቷ በፊት ካራቫኑን ዞረችው።

«እነዚህ ናቸው? አሮጌ አይደሉም እንዴ?»

«አንብቢያቸው።»

ጎንበስ ብላ አየች። አስተማሪዬ ያን ቁጥር አታውቀውም። አስረዳኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ጭልፋ በእጇ ባይኖርም እጄን ሰብሰብ አደረግሁ።

«ግባ፣ ወጡ ቀዘቀዘ፣» አለች። ወጡን የሠራችው በተከራየችው ክፍል ነው፣ የበላነው ግን በቤታችን። ዝናቡ ከሳምንት በኋላ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እሷ ጣሪያውን ቀና ብላ ታያለች፤ አንድም ጠብታ የለም። እኔ እሷን አያለሁ።

እስከ ዛሬ በየወሩ፣ ላሞቹ ታልበው ካበቁ በኋላ፣ ከጎማው ሥር ድንጋዩን አንስተን እኔና እሷ ቤታችንን ትንሽ ወደፊት እንገፋዋለን፤ በሌላው ወር ወደ ኋላ። አላቢዎቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ጉዞ ወዴት ነው?» ይላሉ። እሷም እየገፋች «ወደ አዲስ አበባ! እሷ ሳትመጣብን እኛ ልንሄድባት ነው!» ትላቸዋለች።

ዛሬ ጠዋትም ገፋነው። ድንጋዩን ከመመለሴ በፊት የሁለቱንም ጎን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። አልገባም።