የአባቴ እግርና የፊት ቀኙ ጎማ

ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። ግን ያን ጁምዓ፣ ደሴ ሆጤ ወዳለው የአባቴ ቤት ስገባና ሁለት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ሳይ የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ እኔ ወዳለሁበት ኮምቦልቻ ደውሎ «ነገ ከሰላት በኋላ ነይ፣ ጉዳይ አለ» ብቻ ነበር ያለኝ። ጉዳዩ ለካ አባታችን የመኪናቸውን ቁልፍ እንዲያስረክቡ ሽማግሌ መላክ ነው!

በእኛ ቤት ልጅ አባቱን ፊት ለፊት «አርጅተዋል» አይልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ወራት ሙሉ ማንም ምንም አላለም። ወንድሜ አንድ ቀን አብሯቸው ሲሄድ ፍሬን ሲይዙ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቷል። መኪናውን ደሴ ውስጥ አንድ መካኒክ ጋ ወስዶ በማሽን አስመረመረው፤ መካኒኩ «ንጹህ ነው፣ ማሽኑ ምንም ችግር አላሳየም» አለው። መኪናው ንጹህ ከሆነ እግር ነዋ! ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት «አባ፣ ዛሬ እርስዎ ይረፉ፣ ጭነቱን በሌላ መኪና እልከዋለሁ» ማለት ሆነ ሥራው። አባቴም ነገሩ ገብቷቸው ዝም ይላሉ። ልጅ በአክብሮት ዝም፣ አባት በኩራት ዝም። ዕድሜ ልካቸውን ከቦሩ ሜዳ ካሮትና ድንች ጭነው ኮምቦልቻ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው፣ ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። ዱዓ አድርገው ነገሩን ሊጀምሩ ነበር። አባቴ ቁልፉን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። እንዲያ ሆነው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

«አባ፣» አልኩ እንደቆምኩ፣ «ፍሬን ሲይዙ ምንድነው የሚሰማዎት?»

እስከዚያን ቀን ማንም የጠየቃቸው አይመስለኝም፤ ቀና አሉ። «ልቆም ትንሽ ሲቀረኝ ፔዳሉ እግሬን ወደ ላይ ይመታኛል። ድድድድ ይላል።»

«በፍጥነት እየሄዱ ሲይዙትስ?»

«እሱማ ሰላም ነው።»

በልቤ «አገኘሁሽ!» አልኩ። አውቶ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ «ያቺ ሴትዮ ጋ ውሰደው» ከተባለ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ፤ ለፍቼበታለሁና ብኮራ አይፈረድብኝም። የደከመ እግር ፍጥነት አይመርጥም። በየጎማው ሥር ግን ጎማው በምን ፍጥነት እንደሚዞር ለመኪናው የምትናገር ትንሽ ሴንሰር አለች። አንዷ ስትደክም መኪናው ጎማው የተንሸራተተ ይመስለውና ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል፤ ፔዳሉም እግር ይመታል። ጨርሳ ካልሞተች ደግሞ መብራቱም ላይበራ፣ ማሽኑም ምንም ላይመዘግብ ይችላል። ቆሞ ሳይሆን እየሄደ ነው መመርመር ያለበት።

«አባቶቼ፣ አንዱን ወገን ብቻ ሰምታችሁ ነው የመጣችሁት» አልኳቸው። «መኪናው ገና አልተጠየቀም። ተነሱና አብረን እንጠይቀው።»

«አንቺ! ሽማግሌ ፊት!» ብሎ ወንድሜ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ትልቁ ሽማግሌ ግን ሳቁ። «ወላሂ እውነቷን ነው» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

ሽማግሌዎቹና ወንድሜ ከፒክአፑ የኋላ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ፤ አባቴ መሪው ላይ፣ እኔ ከመሣሪያ ቦርሳዬ የማይጠፋውን መመርመሪያ ማሽን ሰክቼ ከጎናቸው። በቦሩ ሜዳ መንገድ ደልደል ያለና ጭር ያለ ቦታ ስንደርስ «አባ፣ አሁን ቀስ ብለው ይቁሙ» አልኩ። የአራቱ ጎማዎች ፍጥነት ማሽኑ ላይ እኩል ይወርዳል፣ ይወርዳል። ልንቆም ስንል የፊት ቀኙ ብቻ ድንገት ዜሮ ገባ፤ ወዲያው ፔዳሉ መታ። ደገምነው። ያው ነው።

«በል አሁን አንተ ንዳ» አልኩት ወንድሜን። አባቴ መሪያቸውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም፤ ቅር እያላቸው ወርደው ሽማግሌዎቹ መሃል ገቡ። ወንድሜ ትንሽ ነዳና ፍሬን ያዘ። «ኧረ ምንድነው!» ብሎ እግሩን ሰበሰበ።

«ምነው፣ ያንተም እግር አረጀ እንዴ?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ ከኋላ። በሳቅ ሞትን። አባቴ ብቻ አልሳቁም።

እዚያው በክሪክ አንስቼ ጎማውን ፈታሁ። ሴንሰሯ የምትቀመጥበት ብረት ዝጎ፣ አብጦ፣ ከቦታዋ ገፍቷታል፤ የዚያ መንገድ ጭቃ ሥራ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ እሷንም ጠራርጌ መለስኳት። አባቴ እንደገና ነድተው ፍሬን ያዙ። አራቱም ቁጥሮች እኩል ወረዱ፤ መኪናው ለስለስ ብሎ ቆመ። «አልሃምዱሊላህ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ወንድሜ ከመኪናው ወርዶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። «አውፍ ይበሉኝ አባ» አለ፤ ይቅር አሉት። እኔማ መሬት አልበቃችኝም። ማሻአላህ እስኪሉኝ ቆሜ ጠበቅኩ፤ አሉኝም።

ሌሎቹን ሆጤ አውርደን እኔና አባቴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረድን፤ ለማንኛውም ሴንሰሯን ጋራዥ ላይ በአዲስ ልቀይራት። ያን ጠመዝማዛ እንዴት አድርገው እንደሚነዱት! ሲታጠፉ እንኳ አንገቴ አይነቃነቅም። ቅር ያለኝን ነገር ግን መዋጥ አልቻልኩም።

«አባ፣ ልጅዎ እንጀራዋ ይኼው ሆኖ ሳለ፣ ምነው ለእኔ አልነገሩኝም?»

ማርሹን ቀየሩ። «እኔም እኮ እግሬ ነው ብዬ አምኜ ነበር» አሉ። «ሌላ ሰው ‹እግርህ ነው› ቢለኝ፣ ምን ያውቃል እላለሁ። አንቺ ካልሽኝ ግን አለቀ፤ ካንቺ ወዲያ ማንን እጠይቃለሁ? እሱን ፈርቼ ነው ልጄ።»

እኔ፣ ሽማግሌ ፊት እንኳ ዝም የማልለው፣ እንባዬን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።