የእትዬ ዘሀራ ሕመም የሰፈረበት ማመልከቻ

ከአዋሽ የጥናት ቢሮው ወዳለበት ሰመራ የሄድኩት ከአንድ ዝርዝር ላይ አንድ ዓምድ ለማሰረዝ ነው። መምህር ነኝ፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ለአንድ መንግሥታዊ ጥናት ቤት ለቤት መረጃ እሰበስብ ነበር። የወሎዋ እትዬ ዘሀራ አዋሽ ላይ ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት አላቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንደሚወስዱ ነገሩኝ። «ከጥናቱ ሰዎች በቀር ማንም አያውቅም» ብዬ ቃል ገባሁ። ባለፈው ሳምንት አስተባባሪያችን «ነዋሪው ስህተት እንዲያርም» ተብሎ ዝርዝሩ ከነስሙ፣ ከነሕመሙ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሊለጠፍ መሆኑን ነገረን። ሐኪም «ከእንግዲህ አይተላለፍም» ቢላቸውም፣ ያን ያነበበ ሾፌር እሳቸው ቤት ምሳ ይበላል? ቀናነት እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ያናድዳል።

ገዋኔ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ ለቁርስ ቆመ። ፉል በትኩስ ዳቦ በላን። አብረውኝ የተሳፈሩ፣ ወደ ሎጊያ የሚሄዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ በአገሩ ወግ ዳጉ ጠየቁኝ፤ መንገደኛ ሲገናኝ ወሬ ይለዋወጣል። የሰው ስም ሳልጠራ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ዝናብ የት ጣለ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ከብቱ እንዴት ነው፤ ይህ ለሁሉም ይነገራል» አሉ። «በሰው ደረት ውስጥ ያለው ግን ዳጉ አይደለም። የናንተ ቢሮ ይህን አያውቅም?»

ሰመራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ከሙቀቱ የተነሳ እኩለ ቀን ላይ ተዘግቶ የነበረው ቢሮ ገና መከፈቱ ነው። «በማመልከቻ አቅርብ» ተባልኩ። እኔም በሥርዓት ጻፍኩ፦ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ የሕመም ዓይነት፣ መድኃኒት የጀመሩበት ወር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ስትመዘግብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

ከኋላዬ የተሰለፈ የከባድ መኪና ሾፌር «የአዋሿ ዘሀራ? ባለ ምግብ ቤቷ? ኧረ እኔ እዚያ ነው የምበላው!» አለ።

«ወረቀቱን መልሺልኝ!»

«መዝገብ ቤት የገባ አይወጣም። እንዲወጣ ከፈለግህ ማመልከቻ ጻፍ።»

ኃላፊው ዓምዱን በሁለት ደቂቃ ሰረዘው። «ስሟን ማን ጻፍ አለህ?» ሲል ጠየቀኝ። «የሕመሙ ዓምድ ይቅር ማለት ይበቃ ነበር።» በቢሮው መናደድ ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

አዋሽ፣ በማግስቱ ምሳ ሰዓት

ለእትዬ ዘሀራ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መጥበሻቸውን ከእሳት አወረዱ።

«ወላሂ፣ ልብህ መልካም ነው መምህር። ግን ሕመሙ የኔ፣ ስሙ የኔ፤ ሳትጠይቀኝ በማን ፈቃድ ሰመራ ወሰድከው?»

የሰውን ምስጢር ለመጠበቅ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ባለቤቱን መሆኑን ለመማር ያን ሁሉ መንገድ መሄዴ ነው።

እጃቸውን አደረቁና ወደ ተመጋቢዎቹ ወጡ። «ከሰው ከምትሰሙ ከኔ ስሙ» ብለው ሁሉንም ነገሯቸው፤ የሐኪሙን ቃልም ጭምር። ሁለት ሰዎች ምሳቸውን ትተው ወጡ። ሌሎቹ ወደ ሳህናቸው አጎነበሱ፤ ከዚያ አንዱ «እትዬ፣ ሩዝ ይጨመርልኝ» አለ።