በደከመ ድንጋይ የተቀዳው ሙዚቃ

ስለዚያ ሙዚቃ ስጽፍ የምጠነቀቅበት ምክንያት አለኝ። ሲቀዳ ክፍሉ ውስጥ ነበርሁ፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በጆሮዬ የሚመላለሰው ያን ቀን የሰማሁት ራሱ ነው ብዬ አልምልም።

በደርግ ዘመን መተማ ላይ መምህር ነበርሁ። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ መረሬ አፈር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋዋል። በዚያ ዓመት የሱዳን ድንበርም ተዘግቶ ነበር። መንገዱ ቢደርቅ እንኳ ያለ ይለፍ ወረቀት ከኬላው ማለፍ አይቻልም፤ ይለፍ ደግሞ እንደ እኛ ላለው ተመዳቢ አይሰጥም። ኑሯችን ከሰዓት እላፊው በፊት ቤት መግባት፣ ሲነጋ ያንኑ ጭቃ ማየት ነበር።

በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ያረጁ አንድ ጊታር ተጫዋች የከተማውን የኪነት ቡድን እንዲያሠለጥኑ ተልከው መጡ፤ ተመለሱ የሚላቸው ግን አልተገኘም። አሥመራ ሳሉ ከፈረንጅ ወታደሮች ቤት አንድ ዘፈን የሸክላውን ገጽ ሙሉ የሚይዝበት፣ ምቱን እየቀያየረ የሚጓዝ ሮክ ሰምተው ነበር። ምኞታቸው እንዲህ ያለውን በራሳቸው ዜማ ሠርተው አዲስ አበባ ላሉት የድሮ ባልደረቦቻቸው መላክ ነበር። ጊዜ አልነበራቸውም፤ የግራ እጃቸው ጣቶች መደንዘዝ ጀምረዋል።

አጋራቸው በወጣትነታቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በየሠርጉ ዑድ የሚባለውን የዓረብ ባለ አውታር መሣሪያ ሲመቱ የኖሩ፣ በእኛ ጊዜ ግን ልብስ ሰፊ የሆኑ አዛውንት ነበሩ።

«ይህ ሮክ የምትለው መቼ ነው የሚያልቀው? ደንበኞቼ ሱሪያቸውን ይፈልጋሉ» ይሏቸዋል ልብስ ሰፊው።

«መንገዱ ሲከፈት።»

«እንግዲያስ ራቁታቸውን ይሂዱ።»

ቴፕ ማጫወቻው የእኔ ነበር። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከድንበሩ ማዶ ስለሚመጣ ከገበያ ጠፍቷል። ድንጋይ ሲደክም በጥርስ ነክሶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የአገሩ ልማድ ነው፤ እኔም የተማርሁት ሰው ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ስነክስ ዋልሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል ልብስ ሰፊው ድንጋዮቹን በር ላይ፣ በስፌት መኪናቸው ጠረጴዛ ይደረድሯቸዋል።

የቀዳነው በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ነው። ዑዱ በሠርግ ምት ይጀምራል፤ ጊታሩ በሌላ ምት ይገባበታል፤ ይለያያሉ፣ ይፈላለጋሉ፣ መጨረሻው ላይ ይገናኛሉ። አንድ ጣት እየከዳ ብዙ ጊዜ ተቋረጠ። በመጨረሻ ሳይቋረጥ ተፈጸመ። በዚያው በቴፔ መልሰን ሰማነው፤ እንከን አላገኘንበትም። ጊታረኛው ከዚያ ወዲያ መሣሪያቸውን ሲያነሡ አላየሁም።

መንገዱ ሲደርቅ ለሰሊጥ አጨዳ ሠራተኞች ጭኖ የመጣ ሾፌር ካሴቱን ለማድረስ ተስማማ። «ኬላ ላይ ቢጠይቁኝ ምን እንደያዝሁ ልወቅ» ብሎ ጋቢናው ውስጥ ባለው ቴፕ ከፈተው።

የወጣው ድምፅ ቀጭንና ጥድፊያ የበዛበት ነበር።

«የጎረምሳ ጨዋታ ነው፤ ማን ተጫወተው?» አለ ሾፌሩ።

ልብስ ሰፊው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጊታረኛው አልሳቁም። የሆነው ገባኝ፤ ድንጋዩ ስለደከመ ቴፑ ሲቀዳ እየተጎተተ ነበር የዞረው። በዚያው ሰነፍ ቴፕ ስለሰማነው አላወቅንም። የመኪናው ባትሪ ግን ሙሉ ነበርና አፈጠነው።

«ደግመን እንቅዳው?» አልሁ።

ጊታረኛው የግራ እጃቸውን ለመጨበጥ ሞከሩ፤ ጣቶቹ እግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ለሚቀበሉህ ሰዎች በደከመ ድንጋይ አጫውቱት በላቸው።»

«ምን ያህል የደከመ?»

«እንደ እኛ» አሉ ልብስ ሰፊው።

መልእክቱ ከነካሴቱ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የሰማሁትን ዝግተኛውን ለማስታወስ በሞከርሁ ቁጥር የጋቢናው ጥድፊያ ይቀድመኛል፤ ምናልባት የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው። በእርግጠኝነት የማስታውሰው መኪናው ሲሄድ ሦስታችን እስከ ኬላው ገመድ ድረስ መሸኘታችንን ነው። ገመዱ ለመኪናው ዝቅ አለ፤ ካለፈ በኋላ መልሰው ወጠሩት፤ እኛም ወደ ከተማው ዞርን።