ዓርብ ቀን በፖላንዶች ምግብ ቤት

ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር፣ ከምሠራበት የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ አጠገብ፣ ባልና ሚስት የሚሠሩባት ጠባብ የፖላንድ ምግብ ቤት አለች። ባል ያበስላል፣ ሚስት ታስተናግዳለች። አንድ ዓርብ እናቴን እዚያው ሰፈር የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ስንወጣ ስለራባት ይዣት ገባሁ።

በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን ድንች፣ ፒሮጊ የሚሉትን፣ አዘዝኩላት። «ጾመኛ ናት፤ ሥጋም ቅቤም እንዳይነካው» አልኳት ሴትዮዋን። ፊቷን አጨፍግጋ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች።

ምግቡ ሲመጣ ከላዩ የተጠበሰ የአሳማ ስብ ተነስንሶበታል። እናቴ እጇን ሰበሰበች።

«አልነገርኩሽም?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ስቡን አንስታ ትብላ! እኛ አገር የቀረበ ምግብ አይመለስም» ብላ ጮኸችብኝ። ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ። ነገርኳት። ብድግ ብላ ሳህኑን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ባልየው ፊት አስቀመጠችው።

«እናትህን እንዲህ ታበላታለህ?» አለችው በአማርኛ። ሰውየው ቋንቋው ባይገባውም ቁጣዋ ገብቶታል፤ በያዘው ጭልፋ ወደ በሩ ጠቆማት።

ወጣን። አውቶቡስ ስንጠብቅ ንዴቷ ወደ እኔ ዞረ። «ሰው ሲያዋርደኝ ቆመህ ታስተረጉማለህ?» አለችኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ ስለነበር ስካርቦሮ ቤታችን እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

ከእናቴ ጋር በማግስቱ ታረቅን። ሴትዮዋን ግን ክረምት ሲሆን ጧት ጧት ደጃፏ ላይ በረዶ ስትጠርግ አገኛታለሁ። ቀና ብላ ታየኛለች፣ አያታለሁ፤ ሰላም አንባባልም።